የተከፈለበት መድኃኒት

ማራካይቦ፣ ማርች 14 ቀን 2021

ይድረስ ለተወደድከው ልጄ ለኤውዶ ሞንቲኤል፣ ሳንቲያጎ

እግዚአብሔር ይባርክህ፤ እመቤታችን ቺኒታም በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ። ሚስትህን ዩራይማን ሳምልኝ፤ የተሸከመችውን በሰላም ትገላገል። እኔ ደህና ነኝ። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም፣ ሙቀቱም ሰው ያቀልጣል፤ ግን ይህ ለማራካይቦ ሰው ወሬ አይደለም።

«አክስቴ፣ በድምፅ ቀድተው ይላኩልኝ» ትለኛለህ። ግድግዳችን ስስ ነው፤ እኔ ጉዳዬን ለሰፈር ሁሉ እያሰማሁ አላወራም። በስልኬ እጽፈዋለሁ፣ ኔትወርክ በመጣ ሰዓት ራሱ ይሄዳል። የፊደል ስህተት ብታይ እለፈኝ።

አያትህና እናቴ የእህትማማች ልጆች ነበሩ፤ በቃ፣ ዝምድናችን ይህችው ናት። በዓይኔ ያየሁህ ሁለቴ ብቻ፣ ሁለቱንም ጊዜ ለቀብር፤ ያኔም ንፍጥህን በእጅጌህ የምትጠርግ ልጅ ነበርክ። አሁን ግን ከገዛ ወንድሞቼ ይልቅ ካንተ ጋር ነው የማወራው። ዕድሜዬን የሠራሁበት መድኃኒት ቤት ተዘግቶ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ፣ «ውጭ ያሉ ልጆች ለእናቶቻቸው ኢንሱሊን የሚያደርስላቸው ታማኝ ሰው አጥተዋል፤ እኔ በኢንተርኔት ገጽ ልክፈት፣ በክሪፕቶ ይክፈሉኝ፣ ድንበር ማዶ ላለው የማይካኦ ነጋዴ እኔ ልክፈል፣ እርስዎ መድኃኒቱን ለእናቶቹ ያድርሱ» ያልከኝ አንተ ነህ። ከገዢዎቹ ጋር አንተ፣ ከእናቶቹ ጋር እኔ። ገንዘባችን ቦሊቫሩ እጃችን ላይ ውሃ ሆኖ በሚፈስበት አገር ከዚህ የተሻለ አልነበረም። አመሰግንሃለሁ።

መድኃኒት ልውሰድ ብሎ የመጣው ያ ሸሚዙን የተኮሰ ጎረምሳ ያደረገኝን ግን እስካሁን አልረሳሁም። «ከፍያለሁ እትዬ» ብሎ ስክሪንሹት፣ የስልኩን ገጽ ምስል፣ አሳየኝ። እዚህ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ በስክሪንሹት ነው የሚገበያየው፤ ዳቦ ጋጋሪውም፣ ጫማ ሰፊውም። አመንኩትና ሰጠሁት። ለካ ምስሉን ራሱ ነው የሠራው! ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፦ አንተ «ገብቷል» ካላልከኝ የበረዶ ሳጥኑን ክዳን አላነሳም። ስክሪንሹት ይዋሻል፤ አንተ ግን ሥጋዬ ነህ።

ቪዲዮዎቹን ለልጆቹ እየላክህ መሆኑን ንገረኝ። እያንዳንዷ እናት መድኃኒቷን በእጇ ይዛ የልጇን ስም እየጠራች እቀርጻታለሁ፤ ገዢዎቹ እኛን ያመኑት በዚህ ነው። አሮጊቷ ዶኛ ኤርሲሊያ ብራቾ ብቻ አስቸገረችኝ። ከንፈሯን ሳትቀባ አትቀረጽም። «ልጄ ባሕር ማዶ ዛራጎዛ ሆና የምታየው ሬሳ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ቀለሙን እስክታገኘው በር ላይ አቁማኝ በፀሐይ ተጠበስኩ።

አክስትህ ኔይዳ

---

ሳንቲያጎ፣ ማርች 29 ቀን 2021

ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ኔይዳ ፊኖል

ይባርኩኝ አክስቴ! ጤናዎን እንዴት ሰነበቱ? ዩራይማ ጉልበትዎን ስማለች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ሐኪሙ ወንድ ነው ብሏል። እኔ ቀን መጋዘን እሠራለሁ፣ ማታ ምግብ አደርሳለሁ። ብርዱ ገና ሳይጀምር አጥንቴ ውስጥ ገብቷል።

ቪዲዮዎቹ ሁሉ ደርሰዋል። የዶኛ ኤርሲሊያን ያየ ሁሉ ይስቃል፤ ልጇ ማይጓሊዳ «እናቴ ከኔ በላይ ልጃገረድ ሆነች» ብላ ገጻችን ላይ ጻፈች። አንዱ ገዢ ደግሞ «ኔይዳ ያለችው ደረሰ ማለት ነው» ብሏል። ስምዎ እዚህ ሳንቲያጎ ድረስ ይነሳል እኮ!

ስለ ክሪፕቶው ራስዎን አያስጨንቁ። ባንክ የለበትም፣ ካዝና የሚገለብጥ ባለሥልጣን የለበትም። እያንዳንዱ ክፍያ ሰው ሁሉ በሚያየው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ሌባ ቢገባ እንኳ ኮቴው ይታያል። ገንዘቡ በፊደልና በቁጥር በተሠራ ረጅም አድራሻ ነው የሚላከው፤ አንዴ ከተላከ ግን መመለስ የለም። እርስዎ የሚያስፈልግዎ የኔ «ገብቷል» ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የሦስት ወር አስቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ እያደረግሁ ነው። እርስዎም ለእናቶቹ ሹክ ይበሏቸውና ለልጆቻቸው ይንገሩ። ከርስዎ አፍ ሲሰሙት ያምናሉ።

ልጅዎ ኤውዶ

---

ማራካይቦ፣ ጁን 6 ቀን 2021

ይድረስ ለልጄ ለኤውዶ

እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ቺኒታ ትጠብቅህ። የሕፃኑን ፎቶ አየሁ፤ ግንባሩ ቁርጥ አያትህን ነው። እሱንም ይባርክልኝ።

እንዳልከኝ ለእናቶቹ ነገርኩ፤ ብዙዎቹም ልጆቻቸውን አስከፈሉ። አሁን ግን ነገሩ አላማረኝም። የማይካኦው ሰውዬ የላከው ዕቃ ጎደሎ ነው። ሾፌሩን ብጠይቀው «ያልተከፈለበት አይጫንም እትዬ፣ እኔን አይቆጡኝ» አለኝ። አንድ ቦታ የተጓተተ ነገር ይኖራል መቼስ።

ሌላው የዶኛ ኤርሲሊያ ጉዳይ ነው። ትናንት እያዘገመች በሬ ድረስ መጣች። «ማይጓሊዳ የሦስት ወሩን ባንድ ላይ ከፍያለሁ ብላኛለች፤ የያዝኩት ሊያልቅ ነው» አለችኝ። አንተ ደግሞ «ገብቷል» አላልከኝም። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት የሌሎች ናቸው፣ ልጆቻቸው የከፈሉባቸው፣ የማንን አንስቼ ለማን እሰጣለሁ? እጄ ወደ ክዳኑ ሄዶ ተመለሰ። «ኤውዶን ልጠይቅና» ብዬ ሸኘኋት። በመንግሥት ሆስፒታል ኢንሱሊን ከጠፋ ቆይቷል፤ ይህን አንተም ታውቃለህ።

ይህ ነገር የሰው ነፍስ ነው፣ ቶሎ መልስልኝ። ካልገባም ካንዷ ድርሻ ላይ ቀንሼ ልስጣትና በኋላ እንተካ እንደሆነ ንገረኝ። አንተ ያልከውን አደርጋለሁ።

አክስትህ ኔይዳ

---

ሳንቲያጎ፣ ጁን 19 ቀን 2021

ለተከበሩት አክስቴ

ይባርኩኝ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ሕፃኑን ያተኩሰዋል፣ ሥራውም ፋታ አልሰጠኝም።

የማይጓሊዳ ክፍያ አልገባም። የላከችልኝ ስክሪንሹት ብቻ ነው፤ ስክሪንሹት ምን እንደሆነ ለርስዎ አልነግርም። ክፉ ሰው ነች አላልኩም፤ ምናልባት ስትጽፍ ተሳስታ ይሆናል። እኔው አነጋግራታለሁ፣ እርስዎ ከሷ ጋር ምንም አይነጋገሩ፤ ገዢ ሁለት ሰው ሲያናግረው ይደናገራል።

ከሌሎቹ ድርሻ ግን በፍጹም እንዳይነኩ። ለአንዷ ሳይከፈል ከሰጡ ነገ ሁሉም በርዎ ላይ ይሰለፋል። ሕግዎ ጥሩ ሕግ ነበር፣ አይሻሩት።

ለማይካኦው ሰውዬ የላክሁት በባንክ በኩል ተይዞብኛል። እስኪለቀቅ እርስዎ ዘንድ ያለች ጥቂት ዶላር ካለች ብድር ብለው ይስጡልኝ። አዲስ የሚከፍሉ ካሉም አዲስ የክፍያ አድራሻ ስለከፈትኩ ከኔ ይጠይቁ ይበሏቸው።

ልጅዎ ኤውዶ

---

ማራካይቦ፣ ጁላይ 11 ቀን 2021

ኤውዶ ልጄ

እግዚአብሔር ይባርክህ። ዶኛ ኤርሲሊያን ሐሙስ ቀበርናት።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ተመልሳ መጥታ ነበር። ያልከኝን ነገርኳት፣ ሄደች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ተሻላት፣ ወይ ከሌላ ቦታ አገኘች ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ወይም እንደዚያ ማሰቡ ተመቸኝ። ጎረቤቷ ስትጮህ ነው የሮጥነው። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸት ነበር፤ መድኃኒት ቤት የኖረ ሰው ያንን ሽታ ያውቀዋል፤ ኢንሱሊን ያጣ ሰው ሽታ ነው። ያን ጊዜ ሳጥኑን ከፈትኩ። ሕጌን ያን ጊዜ ሻርኩ፣ ምን ዋጋ አለው! ሆስፒታል በር ላይ አለፈች።

ማይጓሊዳ ቀብሩን በስልክ ነው ያየችው። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ግራ ገባት፤ «መድኃኒት እኮ ነበራት! በየቀኑ ስደውል ደርሶኛል፣ እየወሰድኩ ነው ትለኝ ነበር። ቪዲዮው የታለ ስላት ከንፈሬን አልቀባሁም አለችኝ» ትላለች። እኔም «ክፍያው አልገባም ነበር» አልኳት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው። ለእናቷ ምን እንዳልኳት ግን አልነገርኳትም።

ላንተ ደውላ አናገረችህ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። «አንዲት ፊደል ተሳስቼ ገንዘቡን የትም በተንኩት፤ በገዛ ጣቴ እናቴን ገደልኩ» ትላለች። ተቀጥራ የምታስታምማቸው ሽማግሌ ቤት ቁጭ ብላ ያንን ረጅም አድራሻ እያየች ፊደል ትቆጥራለች። አትበላም። እህቷ «ራሷን ታጠፋብናለች» ብላ ፈርታ ደወለችልኝ።

ልጄ፣ ያ ገንዘብ የሚገኝበት መንገድ የለም? ክፍያ ሁሉ ይታያል ብለኸኝ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ስልክ የሚጠግነው ሊሳንድሮም እንደዚያው ይላል። እሱ አይቶ የት እንደገባ ቢነግረን፣ ቢያንስ ስህተቱ የሷ ሳይሆን የመሣሪያው ነው ብንላት። ይህች ልጅ እፎይ እንድትል ብቻ ነው የምፈልገው።

አክስትህ ኔይዳ

---

ሳንቲያጎ፣ ጁላይ 11 ቀን 2021፣ ማታ

አክስቴ ይባርኩኝ

ነፍስ ይማር።

ሊሳንድሮን ምንም አያሳዩት። እለምንዎታለሁ። አድራሻችንን ያወቀ ሌባ የክሪፕቶ ቦርሳውን ያራቁተዋል፤ ከዚያ ሌሎቹ እናቶችም ያለ መድኃኒት ይቀራሉ። የተሳሳተ ፊደል የተሳሳተ ፊደል ነው፣ የሚመለስ ነገር የለም። የሞተችውን አሮጊት በሰላም እንተዋት። ልጅቷም ጊዜ ሲያልፍ ትረሳዋለች።

ለነፍሷ ለሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ሻማና ቡና መግዣ ትንሽ ልኬያለሁ። በኔም ስም አንዲት ሻማ ያብሩላት።

ልጅዎ ኤውዶ

---

ማራካይቦ፣ ጁላይ 20 ቀን 2021

ኤውዶ

ደብዳቤህ በዚያው ማታ ደረሰኝ። ስለ ነፍስ ስጽፍልህ ሁለት ሳምንት ያስጠበቅኸኝ ሰው፣ ስለ ሊሳንድሮ ስጽፍልህ ሳታድር መለስክ። እንደዚያ ባትቸኩል ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር።

ማይጓሊዳ የላከችልኝን ስክሪንሹት ለሊሳንድሮ አሳየሁት። መጀመሪያ ሳቀ። «እትዬ፣ አንድ ፊደል ቢሳሳት እኮ መተግበሪያው ራሱ እንቢ ይላል፤ ማን ነው እንዲህ ያለዎት?» አለኝ። ከዚያ ከፍቶ አየና ሳቁን ተወ። እኔን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ገንዘቡ ሙሉውን፣ ከፍያለሁ ባለችበት ቀን፣ ገጻችን ላይ ወዳለው አድራሻህ ገብቷል። ሳይውል ሳያድር ደግሞ ወጥቷል። የሌሎቹም እንደዚሁ፤ ሲገባ ሲወጣ፣ ሲገባ ሲወጣ። ከዚያ ወዲህ ለማይካኦው ሰውዬ የሄደ የለም።

ስክሪንሹቷ እውነት ነበር። እኔ ምስልን ጠርጥሬ ሥጋዬን አመንኩ። ሊሳንድሮን ጁን ላይ ጠይቄው ቢሆን ይህ ሁሉ ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ ይታወቅ ነበር፤ አልጠየቅሁም፣ ምክንያቱም አንተን መመርመር ነውር መሰለኝ። ኃጢአቴ ይህ ነው፤ ካንተ ጋር እኩል ተሸክሜዋለሁ።

የት እንዳደረስከው አልጠይቅህም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ለማይጓሊዳ ደውልና በገዛ አፍህ «ገብቶ ነበር» በላት። ያቺ ልጅ እናቴን ገደልኩ እያለች ነው። ለወር መታሰቢያው ቅዳሴ ሳይደርስ ንገራት።

ኔይዳ

---

ሳንቲያጎ፣ ኦገስት 9 ቀን 2021

አክስቴ

ይባርኩኝ ብዬ እንዳልጀምር በደብዳቤዎ ቡራኬ አላየሁም። ግን ይባርኩኝ፤ ካለ እርስዎ ማን አለኝ?

አልዋሽዎትም። በየሳምንቱ ገንዘብ የሚያባዛ የኢንተርኔት ገጽ አለ ብለው የመጋዘኑ ልጆች አሳዩኝ። መጀመሪያ የራሴን አስገባሁ፣ በዛልኝ። ከዚያ ከገዢዎቹ ገንዘብ ለጥቂት ቀን ብቻ ብዬ አስገባሁ፣ ያም ተመለሰ። እርስዎ ሳያውቁ ሦስት ጊዜ እንደዚያ አድርጌ ለማይካኦው ሰውዬ በሰዓቱ ከፍያለሁ። አንድ ቀን ግን ጠዋት ብከፍተው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። የሦስት ወሩን ቅናሽ ያመጣሁት ቀዳዳውን ልደፍን ነው። የማይጓሊዳ ገንዘብ በገባ ቀን «ይህ ያወጣኛል» አልኩ። አሮጊቷ ትሞታለች ብዬ አላሰብኩም፤ ትንሽ ትታገሳለች ብዬ ነው። በልጄ እምላለሁ።

አሁን ለምን እንነግራታለን አክስቴ? እሷ እንደሆነች ስህተቱን የራሴ ነው ብላ ተቀብላዋለች። ሰው አንዴ ያለቀሰበትን ነገር መልሶ መቀስቀስ ምን ይጠቅማል? እኔ እዚህ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፤ ብትከስሰኝ ያባርሩኛል፣ ልጄ ያለ አባት ያድጋል። ገንዘቡን በየወሩ እየቆረጥኩ ለርስዎ እልካለሁ። እርስዎ በልግስና መልክ ይስጧት። እሷም ትጽናናለች፣ እኛም እንድናለን።

ይባርኩኝ። አንዲት ቃል ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ኤውዶ

---

ማራካይቦ፣ ኦገስት 15 ቀን 2021

ኤውዶ

ገንዘብ ለኔ እንዳትልክ። ያለብህ ለማይጓሊዳና ለሌሎቹ ልጆች ነው፤ አድራሻቸውን ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ሳጥኑ ውስጥ የቀረውን ለእናቶቹ አከፋፍዬ ጨርሻለሁ። ልጆቻቸው ከእንግዲህ ላንተ እንዳይከፍሉ ቤት ለቤት ዞሬ ነገርኩ። አንዷ ፊቴ ላይ ተፋችብኝ፤ አልጠረግሁትም፣ ይገባኛል። በሊሳንድሮ ስልክ ገጹ ላይ በገዛ ስሜ ጻፍኩ፦ «ማይጓሊዳ ብራቾ ከፍላለች። ገንዘቡ ገብቷል። የተቀበለው ኤውዶ ሞንቲኤል ነው፣ መድኃኒቱን የከለከልኩት እኔ ኔይዳ ፊኖል ነኝ።» ቀን ሳይሞላው አጠፋኸው። ያኔ ነው ራሴ የደወልኩላት።

አልፈራሁም ብል ውሸት ነው።

«ማይጓሊዳ፣ ፊደል አልተሳሳትሽም» አልኳት። «ገንዘቡ የላክሽው ዕለት ገብቷል። የኔ ዘመድ በላው። አልገባም ሲለኝ እኔም አምኜ ለእናትሽ ከለከልኳት።»

ትጮህብኛለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን «አልተሳሳትኩም?» ብቻ አለች። «አልተሳሳትሽም» አልኳት። ትንፋሿ ሲለቀቅ ሰማሁት፤ ዕዳ የወረደለት ሰው ትንፋሽ ነበር። እዚያ ላይ ባበቃ ኖሮ!

«ለእናቴ ምን ብለሽ ነው የመለስሻት?» አለችኝ።

ልዋሻት አሰብኩ። «መድኃኒቱ ከማይካኦ አልመጣም አልኳት» ማለት ይቻል ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበር። አንተን አሰብኩና አልቻልኩም። «ልጅሽ አልከፈለችም አልኳት» አልኩ።

«እሷስ ምን አለች?»

ነገርኳት። ለአንተም ልንገርህ፣ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም። ዶኛ ኤርሲሊያ በሬ ላይ ቆማ አልተቆጣችም፣ አልተከራከረችም። እጄን ያዘችኝና «ልጄ ካልከፈለች ቸግሯት ነው። ከፍያለሁ ያለችኝም አፍራ ነው። በቺኒታ ይዤሻለሁ ኔይዳ፣ እንዳትጠይቂያት። እኔ ደርሶኛል እላታለሁ» አለችኝ። እያንዳንዱን ቃል ለማይጓሊዳ አልኩላት። የምታስታምማቸው ሽማግሌ ከወዲያ ክፍል ሲጣሯት ይሰማኝ ነበር።

«አልቸገረኝም ነበር እኮ» አለች። «ኔይዳ፣ እኔ እኮ ምንም አልቸገረኝም ነበር።» ይህንኑ እየደጋገመች ሳለ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ አታነሳም።

ኔይዳ ፊኖል